የሳምንቱ ቃል፦ ማጣት

ትንሹ ልጅ ለእናቱ የታላቅ ወንድሙን ሞት ሲነግራት ሞባይሉን በስኳሩ ጣሳ ላይ አስደግፎ፣ ካሜራውን ፊቷ ላይ አነጣጥሮ ነበር። እህቱ የሰማችው ከኩሽና ሆና ነው። ሻይ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያውን እንዳነሳች «እማዬ፣ የወንድም ጋሼ መኪና ተገልብጧል አሉ» ሲል ሰማችው፤ እናትየዋ «እሱስ?» ስትልም ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ ስትል ትንሹ በዓይኑ ጠርዝ አያትና አንድ ጣቱን ከጠረጴዛው ሥር ቀሰረባት። ቆይ፣ እንዳትናገሪ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ውሸት መሆኑ ገባት። እፎይ አለች፤ እፎይ ብላም ዝም አለች። እናትየዋ የዳቦውን ቁራሽ ጨብጣ፣ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ የልጇን ፊት ከላይ እስከ ታች ትመረምራለች፤ አንድ ቦታ ላይ ሌላ ወሬ ተደብቆ እንደሆነ ብላ። እህትየዋ ከአንድ እስከ አሥር ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ እዚያው ተገትራ ቆየች። ኋላ ቀኑን ሙሉ የከነከናት ይኸው ነው። ሁለት ላይ ማስቆም ትችል ነበር፤ ሦስት ላይም ትችል ነበር።

«ቀልዴን ነው! እማዬ፣ ቀልዴን ነው!» አለ ትንሹ፣ ሞባይሉን ከጣሳው ላይ ላፍ አድርጎ፤ ዘሎም ተጠመጠመባት። «ለሥዕሉ ነው። ፊትሽን ፈልጌው ነው እኮ። ወንድም ጋሼማ ምን ይሆናል፣ እንደ ብረት ነው!» እናትየዋ እሱን አየችው፤ በሩ ላይ የቆመችውን ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ዳቦውን ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገችና ማላመጥ ጀመረች። «እሺ» አለች። ትንሹ ግን ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ዓይኗን፣ ከንፈሯን፣ የአገጯን ሥር ሲያይ ቆየና ፊቱን አጨማደደ። «አልሆነም» አለ ለራሱ። «ደነገጠች እንጂ አላጣችም።»

ትንሹ ሠዓሊ ነው። ሸራ ወጥሮ ቀለም የሚበጠብጥ ሠዓሊ አይደለም፤ ታብሌት ጭኑ ላይ አድርጎ ቀለም በማይነካት ብዕር የሚሥል ነው። ብዕሯ ብቻዋን የእህቱን የሁለት ወር ደመወዝ ጭልጥ አድርጋለች፤ እህቱም ያን ጊዜ «እስቲ ለቁም ነገር ይብቃ» ብላ ነው የሰጠችው። ቀን ቀን ለአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የሳሙናና የጥርስ ቡሩሽ ሥዕል ይሠራል። ለነፍሱ ደግሞ እሱን የመሰሉ ሠዓሊዎች ኢንተርኔት ላይ ባቋቋሙት ማኅበር ይወዳደራል። ማኅበሩ ሰኞ ሰኞ አንድ ቃል ይሰጣል፤ የሚጨበጥ ነገር ስም ሳይሆን የስሜት ስም ነው። ናፍቆት፣ ቅናት፣ ኩራት፣ እንዲህ ያለ። ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ሥዕሉን መላክ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ የተሰነጠቀ ልብ፣ የደረቀ ዛፍ፣ ብቻውን የቀረ ወንበር የሣለ ሰው ወዲያው ይሰረዛል። ትንሹ በናፍቆት ሰባተኛ፣ በቅናት አራተኛ ወጥቷል። በዚህ ሳምንት አንደኛ የሚወጣውን አንድ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ይቀጥረዋል ተባለ። ቃሉ ደግሞ ‹ማጣት› ሆነ። ሰኞ እራት ላይ ቃሉን ሲነግራቸው እህትየዋ «ማጣት ከሆነማ ምን ያስጨንቅሃል፣ ኪሳችንን ገልብጠህ ሣላት» ብላ እናቷን ሳይቀር አስቃለች። ከዚያ በኋላ ግን ሳቅ የለም። አምስት ቀን ሙሉ እየሣለ ሰረዘ። «ፊት አጣሁ፣ እቴቴ» ይላታል። «ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ የተዋናይ ለቅሶ ነው። እኔ የምፈልገው የእውነቱን ነው።» እሷም የእውነቱ ከየት እንደሚገኝ ሳትጠይቀው ሳህኑን አንስታ ትሄዳለች።

እህትየዋ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ሥራዋን ሲጠይቋት «ተኳሽ ነኝ» እያለች ሰው ማስደንገጥ ስለምትወድ፣ በሠፈሩም በሥራ ቦታዋም ‹ተኳሿ› ሆና ቀርታለች። ዕድሜዋ አርባን ሊያንኳኳ ነው። ከሦስቱ ልጆች መካከለኛዋ እሷ ናት። የመጀመሪያው፣ ወንድም ጋሼ የሚሉት፣ ከባድ መኪና እየነዳ ሲሚንቶ ያመላልሳል፤ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ሚስትና ልጆች አሉት፤ በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው። የእናትየዋን ደም ግፊት የሚያስለካ፣ ኪኒኗን የሚቆጥር፣ ገላዋን የሚያጥብ፣ ጥፍሯን የሚቆርጥ፣ ሌሊት ስታቃስት የሚነሣ ሌላ ሰው ስለሌለ ያን ሁሉ የምታደርገው ተኳሿ ናት። ይህን ማንም አልወሰነም፤ አንድ ቀን ሆኖ ተገኘ እንጂ። ሁለት ጊዜ ለትዳር የጠየቃት ሰው ነበር። «እናቴን ምን ላድርጋት?» አለችው፤ ሦስተኛ ሳይጠይቅ ሌላ አገባ።

ያን ጠዋት ጫማዋን ስታስር እናትየዋ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። «እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት ቀስ ብላ፣ ትንሹ እንዳይሰማ። ተኳሿ ቀና አለች። «እማዬ፣ ውሸቱን ነው አልኩሽ። ለሥዕል ብሎ ነው። አታውቂውም እንዴ፣ ሥራ ፈት!» እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አምኜሻለሁ ከማለት ይልቅ ገብቶኛል የሚል አነቃነቅ ነው። አባታቸው የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» አሏት፤ ቀጥለው «ኧረ ተሽሎታል፣ በከንቱ አስደነገጥንሽ» ብለው አስቀው ተመለሱ፤ በማግስቱ ጠዋት ግቢው በሰው ተሞላ። ከዚያ ወዲህ ለእናትየዋ እውነት የሚባለው መጀመሪያ የተነገረው ክፉ ወሬ ነው፤ ማስተባበያው ማባበያ ነው። ተኳሿ ይህን ታውቃለች። ሰዓት ረፍዶባት ነበርና ሻርፗን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ላውንደሪው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኦል ነው። የሆቴሎቹ አንሶላ ይቆለላል፣ የሰኞ ሸሚዞች ይደርሳሉ፣ እንፋሎቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጠብ ጠብ እያለ ይመለሳል። ተኳሿ ኮሌታውን አስቀድማ፣ ትከሻውን አስከትላ፣ እጅጌውን በመጨረሻ ታደርጋለች፤ አንድ ሸሚዝ ሦስት ደቂቃ አይፈጅባትም። ዛሬ ግን ሞባይሏ ኪሷ ውስጥ አላሳርፍ አላት። እናቷ ስምንት ጊዜ ደወለች። «ስልኩ አይሠራም እኮ» ትላታለች፤ ትዘጋለች፤ ደግሞ ትደውላለች። የወንድም ጋሼ ስልክ ቁልቁለቱ መንገድ ላይ ሲደርስ ኔትወርክ እንደሚያጣ ሁሉም ያውቃል፤ ለዓመታት ለምደውታል። «እማዬ፣ መንገድ ላይ ነው፤ ከሰዓት ይገኛል።» «አዎ፣ መንገድ ላይ ነው» ትላለች እናትየዋ፤ መንገድ የሚለው ቃል በእሷ አፍ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። በዘጠነኛው ግን የደወለችው የጎረቤት ሴትዮ ነበረች። እናትየዋ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሰው ብትለምናት አትነሣም፤ ነይ ድረሺላት አለቻት። ተኳሿ ይህን ስትሰማ ካውያው የአንድ ነጭ ሸሚዝ ደረት ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሽታው ቤቱን ሲሞላ የላውንደሪው ባለቤት መጣች፤ የተቃጠለውን አየች፤ ተኳሿን አየቻት። «እናትሽ ደግሞ ስንት ጊዜ ነው የምትሞተው?» አለቻት። «ሂጂ በይ፤ ሸሚዙን ከደመወዝሽ እነጋገርበታለን።»

ቤት ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። እናትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሮቿ ወደ ፊት ተዘርግተው፣ የግራ እግር ካልሲዋ ወልቆ። አታለቅስም፤ እየተወዛወዘች የልጇን ሕፃንነት ትቆጥራለች። መጀመሪያ የበቀለችውን ጥርስ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ የጣለውን ደብተር፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል የገዛላትን ጫማ። ትንሹ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ታብሌቱን ጭኑ ላይ አድርጓል። ተኳሿ ስትገባ ቀና አላለም። «አላምን ብላኝ ነው እኮ፣ እኔ ነግሬያታለሁ» አለ፤ ብዕሩ ግን አላቆመችም። ሸርተት፣ ሸርተት ትላለች፣ አይጥ ወረቀት ላይ እንደምትሄድ። ተኳሿ ልትሳደብ አፏን ከፈተች፤ ግን እናቷ ቀዝቅዛለች፤ እጇን ነካችው፣ በረዶ ነው። ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክራ መጣችና ተንበርክካ ፊቷን ታብሰው፣ እጇን ታሻሸው ጀመር። «እማዬ፣ እኔ ልሙት፣ ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ራሱ ይደውላል» ትላታለች። እናትየዋ በእሷ በኩል አሻግራ ግድግዳው ላይ ያለ ነገር የምታይ ትመስላለች። እጇን ግን ሰጥታታለች፤ ጣቶቿ የልጇን ጣቶች ጨብጠዋል፤ እንደጨበጠቻቸውም ተናገረች።

«ምነው ከሦስት ልጅ መርጦ እሱን! ምነው ይቺን ባደረገው!»

በክፋት አይደለም ያለችው። ጮክ ብላም አይደለም። ዝናቡ ምነው ትንሽ ቆይቶ በጣለ እንደሚባለው ነው ያለችው። ተኳሿ የያዘችው ፎጣ መንገዱ ላይ ቆመ፤ ከእናቷ አገጭ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ጠብ ጠብ እያለ። ብታለቅስ ጥሩ ነበር፤ ግን ማልቀስ የሚመጣው ቀርቶብኛል የሚሉት ነገር ሲኖር ነው፤ እሷ ያን ጊዜ ውስጧ ገብታ ብትፈልግ የምታነሣው አንዳች አላገኘችም። ከኋላዋ ስትሸረተት የነበረችው ብዕር ፀጥ ማለቷን ሰማች፤ ጥቂት ቆይታም እንደገና፣ አሁን በጣም ፈጥና፣ ስትነሣ ሰማች። ከዚያ ፎጣው ወደ ፊት ሄደና የእናትየዋን አገጭ አበሰ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ተኳሿ የሲሚንቶ ፋብሪካውን የስምሪት ክፍል ለምና፣ በእነሱ ሬዲዮ አስጠርታ ወንድሟን አገኘችው። ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ ለጠፈችላት። «እማዬ! እኔ ነኝ እኮ! ምን አባቱ ነው የሚቀባጥረው ይሄ ልጅ?» የሚለው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ሁሉ ተሰማ። እናትየዋ አዳመጠች። ፊቷ ለአፍታ ሊበራ ብሎ ጠፋ። «እሱ አይደለም» አለች፣ ስልኩን እየመለሰች። «የትንሹ ማሽን ነው።» ሁለት ወር ይሆነዋል፣ ትንሹ ኮምፒውተሩን በወንድም ጋሼ ድምፅ «እማዬ፣ ናፍቀሽኛል፣ ዶሮዎቹስ?» አሰኝቶ ቤቱን ሙሉ በሳቅ ከገደለ። ዶሮ እንኳ የላቸውም። ያን ጊዜ ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እናትየዋ ነበረች። አሁን ወንድም ጋሼ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ እየጮኸ ስልኩ በተኳሿ እጅ ውስጥ ቀረ። «አላመነችህም» አለችው። «ያለመምጣት አይሆንም።» «ጭነት ይዤ?» አለ። ቀጥሎም ተሳደበ፤ ማንን እንደሚሳደብ ግን አልታወቀም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ጭነቱን መንገድ ላይ ለባልደረባው ጥሎ፣ ፀጉሩም ቅንድቡም በሲሚንቶ ነጥቶ፣ በሰው መኪና ተንጠላጥሎ። እናትየዋ ከወለሉ ላይ በሁለት እጇ ተመርኩዛ ተነሣች፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ለምኗት ያልተነሣችው። ጆሮውን ያዘች፤ ሳበችው፤ አንገቱን አሸተተች፤ ሲሚንቶው ፊቷን ግራጫ አደረገው። «ሥጋ ነው» አለች፣ «ሥጋ ነው፣ ልጄ ነው!» ከዚያ ደግፈው አስቀመጧት። ወንድም ጋሼ ዞሮ ትንሹን በኮሌታው አንቆ ሰቀለው። ጥፊው ከመውረዱ በፊት እናትየዋ «ተወው! ልጅ ነው፤ ሥራው ነው!» ብላ ጮኸች። ስለዚህ ተወው። አንድ ቀን ሙሉ የፈጀው ሁሉ በዚህች አንዲት ቃል ተዘጋ፤ ሥራው ነው። ሻይ ተፈላ። ጎረቤቶች ገብተው «እሰይ፣ እሰይ» ብለው ወጡ። እናትየዋ ከትልቁ ልጇ ክንድ አልላቀቅ ብላ ቀረች፤ እየሳቀች፣ ዳቦ በእጇ እያጎረሰችው። «አንቺ፣ ለወንድምሽ እግሩን የሚታጠብበት ሙቅ ውሃ አምጪለት እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?» አለች። ተኳሿ አመጣችለት። እናቷ ምን እንዳለች ትዝ ይላት እንደሆነ ፊቷን ፈልጋ አየች፤ ምንም የለም። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ፣ ማረፊያው ላይ ካረፈ በኋላ፣ ለባለቤቱ ጠፍቷል።

ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ትንሹ ታብሌቱን ይዞ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ፊቱ አብርቷል፤ የተሰቀለበትን ኮሌታ እንኳ አላስተካከለም። «ጨረስኩ» አለ፤ ስክሪኑንም በብርጭቆዎቹ መካከል አቆመው። ሥዕሉ ላይ እናትየዋ የለችም። አንዲት ሴት ተንበርክካለች፤ በተዘረጋ እጇ እርጥብ ፎጣ ይዛለች፤ ፎጣው ወደ ማን እንደሚሄድ አይታይም። አታለቅስም። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ውስጣቸው ግን የቤት ዕቃ ተጭኖ ያለቀበት ክፍል ነው። ግሩም ሥዕል ነበር፤ ተኳሿ ራሷ ለአፍታ የሰው ሥዕል እንደምታይ ሆና «እንዴት አድርጎ ሠራው» አለች በሆዷ። ወንድም ጋሼ አየና ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ። እናትየዋ መነጽሯን አስመጥታ አደረገችና ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከንፈሯን መጠጠች።

«ውይ፣ አንጀት ትበላለች! የማን ልጅ ናት ይቺ ደግሞ?»

ትንሹ ብዕሩን በጣቶቹ መካከል ያገላብጣል።

«ምን ሆና ነው?» አለች እናትየዋ፣ አሁን ወደ ተኳሿ ዞራ።

«አጥታ ነው» አለች ተኳሿ።

«ምስኪን! እናት የላትም እንዴ?»

«ያለች አይመስለኝም።»

ትንሹ ጉሮሮውን ጠረገ። «እቴቴ፣ ደስ ካላለሽ አልልከውም» አለ፤ ጣቱ ግን መላኪያው ላይ ነበረች፤ ዓይኑም ሰዓቱ ላይ። «ላከው» አለችው። ላከው። ያ ሥዕል በሳምንቱ አንደኛ ወጣ፤ ከየአገሩ ‹ይህችን ሴት ማቀፍ ፈለግሁ› እያሉ ጻፉለት፤ ስቱዲዮውም ጠራው። ያን ምሽት ግን ከጠረጴዛው አንድም ሰው ስለ ሥዕሉ ሁለተኛ አላነሣም። ወንድም ጋሼ ነገ ማለዳ እንደሚመለስ ይናገር ነበር፤ ጭነቱን ጥሎ በመምጣቱ ከሥራ ሳያባርሩት አይቀሩም እያለ። ተኳሿ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች፣ ሁልጊዜ ስለ ጨውና ስለ ዘይት በምትናገርበት ድምፅ፣ «ነገ ስትሄድ እማዬን ይዘሃት ሂድ» አለችው።

ሳቀ። እንዳልሳቀች ሲያይ ተወው። «የት?»

«ቤትህ። ካንተ ጋር ብትሆን ነው ደስ የሚላት። ዛሬ አይተሃል እኮ።»

እናትየዋ ወደ ልጇ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ እንደ ልጃገረድ ያለ ነገር ብልጭ አለ። ወንድም ጋሼ አገጩን አሻሸ፤ ሲሚንቶው ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ቤቱ ጠባብ እንደሆነ፣ ደረጃ እንዳለው፣ ሐኪም ቤት እንደሚርቅ ተናገረ። ልክ ነው፣ ቤቱ ጠባብ ነው። ተኳሿ እዚያ ላይ መተው ትችል ነበር። አልተወችም። «ለአንድ ወር?» አለች። ክረምቱ ይለፍ አለ። «ለአንድ ሳምንትስ?» አለች፣ እናቷን ሳይሆን እሱን እያየች። «እኔ መንገድ ላይ ነው የምውለው፣ የማድረው» አለ፣ አሁን ተናዶ፤ «ባለቤቴ ደግሞ… ታውቂያታለሽ እኮ። አዛውንት ማስታመም አትችልበትም። እማዬም የለመደችው እዚህ ነው፤ አይደል እማዬ?»

«አዎ ልጄ» አለች እናትየዋ። «ልክ ነህ። እዚህ ነው የለመድኩት።»

ክንዱን የያዘው እጇ ቀስ ብሎ ተላቀቀና ጭኗ ላይ ተቀመጠ። ተኳሿ ዞራ አየቻት። ጠዋት በሞት ወሬ ያልመጣው ፊት መጥቷል፤ አፏ አልተከፈተም፣ ቅንድቧ አልተነሣም፣ ከውስጥ ብቻ መብራት እንደጠፋበት ቤት ሆነ። ትንሹም አይቶታል፤ እጁ ወደ ታብሌቱ ሄደች፤ እህቱ ስታየው መልሶ ከጠረጴዛው ሥር ከተታት። ተኳሿ ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሣችም። ቅር ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላላትም። እስኪበቃት አየች።

ከዚያ ክንዷን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻት። ጥቁሩን ቀሚስ አወለቀችላት፤ የሌሊት ልብሷን አጠለቀችላት፤ የጠፋውን ካልሲ ፈልጋ እግሯን አለበሰች። ሁለቱን ኪኒን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። እናትየዋ ውሃውን ጠጣችና ብርጭቆውን ሳትመልስ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ነገ ሥራ የለሽም አይደል?» አለቻት።

«የለኝም።»

«ሰኞ ትገቢያለሽ።»

«እገባለሁ።»

«ማታ ግን ትመጫለሽ?» አለች እናትየዋ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር፤ ይህን ጥያቄ በሕይወቷ ጠይቃት አታውቅም።

ተኳሿ ብርጭቆውን ከጣቶቿ ቀስ አድርጋ አስለቀቀቻት። መልሱ አንዲት ቃል ናት። ብርድ ልብሱን እስከ ደረቷ ሳበችላት፤ ጠርዙን በመዳፏ ዳበሰች፣ እንደ ተተኮሰ አንሶላ እጥፋቱ እስኪስተካከል። መብራቱን አጠፋች። እናቷ ጨለማው ውስጥ መልሱን ስትጠብቅ ትንፋሿ ይሰማ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።